ድንኳኑን የሚፈሩት ጎረቤቴ

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ የጋሼ ታምራትን ሞት ያስታወቀው ዝናብ በያዘው ማለዳ ነው። እንደ ልማዱ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ጠራ። የሰፈሩ ሰው በየበራፉ ወጥቶ «የትኛው ታምራት?» ይባባል ጀመር። አንዷ ሴት «ጃንጥላው» ስትል ሁሉም አወቀ፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ።

ለቅሶው ላይ ተቀምጬ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። «በጣም ብልህ ሰው ነበሩ» ይላል አንዱ። «ለዚህ እኮ ነው የማይናገሩት፤ ብልህ ሰው እንዲያ ነው» ይላል ሌላው። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ለቅሶ ቤት ክርክር አያምርም። ጋሼ ታምራት ግን ይህን ቃል ምን ያህል ይጠሉት እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ባለውለታዬ ናቸው፤ ስለዚህ ያየሁትን ልጽፍ።

መቱ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ አጥራችን አንድ ነበር። እሳቸው በጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ሚስት አላገቡም፤ ከእናታቸው ከእማማ ዘነቡ ጋር ይኖሩ ነበር። ለምን አላገቡም ተብለው ሲጠየቁ እማማ ዘነቡ ይስቃሉ። «ሽማግሌ ለመላክ እኮ መጀመሪያ ሽማግሌውን ማናገር ያስፈልጋል» ይላሉ።

በእኛ አገር ዝናቡ ከዓመቱ ብዙውን ስለሚወስድ ጃንጥላ መያዝ ማንንም አያስገርምም። የጋሼ ታምራት ጃንጥላ ግን ዝናቡ ካባራ በኋላም አይታጠፍም። ዝቅ አድርገው ይይዙታል፤ ከደረታቸው በላይ አይታዩም። አስፋልቱን ትተው ከየቤቱ ጓሮ በቡናው መካከል በሚያልፈው ቀጭን መንገድ ይሄዳሉ። ከፊት ለፊት ሰው ከመጣ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ይጀምራሉ፤ ሰውየው እስኪያልፍ ያስራሉ። ክር የሌለው ጫማ ያደረጉ ቀን እንኳ ሲያጎነብሱ አይቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ ግን ከቅጥሩ ውጭ ነው የሚቆሙት። ከቅጥር ውጭ የሚቆም ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር አለ ስለሚባል፣ ብዙዎች ያልሠሩትን ኃጢአት አሸክመዋቸው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሰላም መባባሉን ነው የማይችሉት። ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ይሳሳማል፤ እሳቸው ያን ጊዜ ቁልቁለቱን ጨርሰዋል።

ሥራቸውን የወደዱትም ለዚሁ ነው መሰለኝ። የላቦራቶሪው መስኮት ትንሽ ናት፤ እጅ ብቻ ታስገባለች። እሳቸው በማይክሮስኮፕ አጎንብሰው ይውላሉ፤ ወረቀቱን በመስኮቷ ይሰጣሉ። ከእኔም ጋር መነጋገር የቻልነው አጥር መካከላችን ስለነበረ ነው። የሸምበቆ አጥር ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል፣ ፊት አያሳይም። «አጥር ሲኖር ሰው እሆናለሁ» ብለውኛል አንድ ቀን። ተጫዋች ነበሩ፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለነው ብቻ ነን ያወቅነው።

የዕድሩ ነገር ነው መቼም የማይረሳኝ።

ዕድራችን የእስላምም የክርስቲያንም ነው። ዳኛው ሐጂ ጀማል ናቸው፤ በአስፋልቱ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ አዛውንት፣ ለሰው የሚያዝኑ ሰው። አንድ ዓመት ምክትላቸው ስለተነሣ ሌላ ለመምረጥ ተሰበሰብን።

«ከእናንተ መካከል አፉን የሚሰበስብ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ ሐጂ። «ያለፈው የሰውን ገመና ቡሬ ድረስ አድርሶታል።»

ተሳቀ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «እንግዲያው ጃንጥላውን ምረጡ፤ እሱ እንኳን የሰውን የራሱንም አይናገርም» አለ። አሁንም ተሳቀ።

ሐጂ አልሳቁም። «አንተ ቀለድክ፤ እኔ አልቀልድም። ዝም አይነቅዝም። ታምራት የተማረ ሰው ነው፤ ሲያስብ ነው የሚውለው። ታምራት፣ ትቃወማለህ?»

ጋሼ ታምራት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የአንገታቸው ላብ ከሴቶቹ ወንበር ሆኜ ይታየኛል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«አያችሁ፣ ትሕትናም አለው» አሉ ሐጂ። «እጅ አውጡ።»

እጅ ሁሉ ወጣ። ማታ በአጥሩ በኩል ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ለምን እምቢ አላሉም?»

«እምቢ ለማለት እኮ መነሣት ነበረብኝ» አሉ። «እሱን ብችል ሹመቱንም እችለው ነበር።»

እስኪሞቱ ድረስ ምክትል ዳኛ ነበሩ። በቀብር ላይ ሕዝቡን አመስግኖ ማሰናበት የምክትሉ ሥራ ነው፤ እሱን ሐጂ ራሳቸው ይሠሩላቸው ነበር፤ «ምክትሌ አሳቢ እንጂ ተናጋሪ አይደለም» እያሉ። ጋሼ ታምራት ግን ከሁሉ በፊት ይደርሳሉ። ከወጣቶቹ ጋር ቋሚውን ያቆማሉ፣ ሸራውን ይወጥራሉ፣ አግዳሚውን ይደረድራሉ። የመጀመሪያው ለቅሶ ደራሽ ብቅ ሲል የሉም።

አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ የቡና ነጋዴ ሞተ። ከተማው በሙሉ ወደዚያ ሄደ። በዚያው ሰሞን ከሁሩሙ የመጣች፣ ኪራይ ቤት የምትኖር፣ የቀን ሥራ የምትሠራ ሴት ጨቅላ ልጇ ሞተባት። እኔ ንፍሮ ይዤ ዘግየት ብዬ ብሄድ፣ ጋሼ ታምራት በአንዲት ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሴትየዋ መሬት ላይ ናት። ሁለቱም አይናገሩም፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደተቀመጡ አላውቅም። ልጠይቃትም አልደፈርኩም። እስኪመሽ እንደዚያው ነበርን።

ስንመለስ «እግዚአብሔር ይክፈልዎ» አልኳቸው።

«ለጽድቅ አይምሰልሽ፣ የቤዛ እናት። ሰው ስላልነበረ ነው የሄድኩት።»

«ሰው እንደሌለ ማን ነገረዎት?»

ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ። ማንም አልነገራቸውም። ሁላችንም ነጋዴው ቤት ተሰብስበን ማን መጣ፣ ማን ቀረ ስንል፣ ከደጅ ያለችውን ያዩ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የቤዛ እናት የሚሉኝ በሴት ልጄ ስም ነው። ቤዛ ያኔ ትምህርት ቤት ከገባች ቆይታለች፤ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቃል አትናገርም። ትምህርቱ በኦሮምኛ ስለሆነ፣ እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምናወራ፣ ቋንቋው ነው ያሉ ነበሩ። እማማ ዘነቡ ሳቁባቸው። «ከእኔ ጋር በሁለቱም ትለፈልፋለች። ሰው ፊት ደግሞ በሁለቱም ትዘጋለች» አሉ። አስተማሪዋ ጠርታኝ «ጽፋ ትሠራለች፤ ተነሥተሽ መልሺ ስላት ግን መልሱ እያላት እንባዋ ይመጣል» አለችኝ።

ጎረቤቶቼ አጽናኑኝ። ዝም የሚሉ ልጆች ብልሆች ናቸው አሉኝ። በሬዲዮም እንዲህ የሚል ነገር ሰምቼ ነበር። ደስ አለኝ፤ እናት የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች። ቢሆንም ተማርኩ የሚል ሰው እንዲያረጋግጥልኝ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዓይን አፋርነት የብልህነት ምልክት ነው የሚሉት እውነት ነው?»

ከወዲያ ማዶ ጎመን ያጠጡ ነበር። የባልዲው ድምፅ ቆመ።

«ማነው ያለሽ?»

«ሁሉም ይላል። ሬዲዮውም ብሏል።»

«ሚዳቋ ጆሮዋን የምታቆመው ብልህ ስለሆነች ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ስለምትፈራ ነው። ብልህም ይፈራል፣ ጅልም ይፈራል። እኔ ዘንድ ሁለቱም ይመጣሉ፤ መርፌ ሲያዩ አንድ ናቸው።»

«ታዲያ ምንም ጥቅም የለውም?»

ባልዲውን ሲያስቀምጡ ሰማሁ። «የሚፈራ ሰው ብዙ ያያል። ማን ተቆጣ፣ ማን ከፋው፣ ማን ብቻውን ቀረ፤ እሱን ያያል። ስለተሰጠው አይደለም፤ ዓይኑን መክደን ስለማይችል ነው። ያየውን ለበጎ ካዋለው መልካም። እንዲሁ ቁጭ ብሎ ከተንቀጠቀጠ ግን ምን ይጠቅማል? እኔ አብዛኛውን ጊዜ ተንቀጥቅጫለሁ።»

ከዚያ ድምፃቸው ቀረበ፤ አጥሩን ተጠግተው ነበር።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ ልጅቷን ብልህ ነሽ አትበያት። እኔ በእሷ ዕድሜ ዝም ስል ብልህ ነው አሉኝ። አስተማሪው አለ፣ አባቴ አለ፣ ሰፈሩ አለ። ከዚያ ወዲያ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ብልህ ነገር መውጣት አለበት። ዝናብ መጣ ብሎ መናገር እንኳ ከበደኝ። ስለዚህ ዘጋሁት። በስድብ ቆልፈውብኝ ቢሆን ሰብሬ እወጣ ነበር፤ የቆለፉብኝ በሙገሳ ነው።»

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«ባውቅ ኖሮ ከሸምበቆ ጋር ሳወራ እኖር ነበር?» ብለው ባልዲያቸውን አነሡ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲያልቅ እማማ ዘነቡ ተኙ። ልጃቸው እንደ ሴት ልጅ አስታመሟቸው፤ አጠቧቸው፣ አጎረሷቸው። እኔም እየገባሁ እረዳ ነበር። እማማ ዘነቡ አንድ ቀን እጄን ይዘው «እኔ ስሞት ልጄ ከማን ጋር ዝም ይላል?» አሉኝ። ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብኩላቸው።

ያን ሰሞን ጋሼ ታምራት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«የቤዛ እናት፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር አለ።»

«ይንገሩኝ።»

«እናቴ ትሞታለች። እኔ ግን የማስበው ስለ ድንኳኑ ነው። መሃል ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይገባል፣ ሁሉም ያየኛል። መሄጃ የለም። ከዚያ ተነሥቼ የምሮጥ ይመስለኛል። እናቱ እያጣጣረች ድንኳን የሚፈራ ልጅ ምን ይባላል?»

በእኛ ዘንድ በእናቱ ለቅሶ ያልተቀመጠ ልጅ እናቱን እንዳልቀበረ ነው። ሰውም ይቅር አይለውም፤ እሱም ራሱን ይቅር አይልም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እጸልይልዎታለሁ» አልኩ።

«ጸልዪልኝ። ድፍረት ስጠው ብለሽ ግን አትጸልዪ፤ እሱን ዕድሜዬን ሁሉ ለምኛለሁ። እንዳይሸሽ ብለሽ ጸልዪ።»

እንደነገሩኝ ጸለይኩ።

እማማ ዘነቡ ያረፉት በገበያ ቀን ነው። ድንኳኑን በሰው ለመሙላት ያ ብቻ ይበቃ ነበር። ሐጂ ጀማል ደግሞ «የምክትላችን እናት እንደ ተራ ሰው አይቀበሩም» ብለው ጎሬ ላኩ፣ ቡሬ ላኩ፣ ሁሩሙ ላኩ። ክብር መስጠታቸው ነው። ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድ ዋለ።

ቀብሩን ቻሉት። ዝናብ ስለነበረ ጃንጥላ ይዘው ነበር። ድንኳን ውስጥ ግን ጃንጥላ አይዘረጋም። ሐጂ ራሳቸው ከእጃቸው ተቀብለው ወሰዱላቸው፤ ጋሼ ታምራትን ፍራሹ ላይ፣ በድንኳኑ መሃል አስቀመጧቸው። በቀኝ በግራ ሽማግሌ፣ ከፊት ሰው፣ ከኋላ ሰው። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል የሚገባው። «ጃባዹ» ይላል ሌላው፣ በርታ ማለቱ ነው። እሳቸው መሬቱን ያያሉ። ጉልበታቸው ላይ ያሉት እጆቻቸው ሲንቀጠቀጡ ሰው ሐዘን ነው ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ያን ዕለት ተቀምጠው ዋሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ንፍሮ ይዤ ስገባ ፍራሹ ባዶ ነው።

ሹክሹክታው ተጀምሯል። «እናቱን ትቶ የት ሄደ?» «ኩራት ነው፤ እኔ ድሮም ብያለሁ።» «ተው እንጂ፣ ብልህ ሰው የሚያዝነው ብቻውን ነው።» ከጎሬ የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ንፍሮውን አስቀመጥኩ። ሸሹ አልኩ በልቤ።

በጓሮ በኩል ዞርኩ። ቡናው መካከል፣ ከአጥሩ ሥር፣ ጎንበስ ብለው አንዱን የቡና ግንድ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ልብሳቸው በስብሷል።

«አልሸሸሁም» አሉኝ። «ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። እመለሳለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

ሐጂ ጀማል ተከትለውኝ ኖሯል፤ ድምፃቸውን ከኋላዬ ሰማሁ። «ምን ሆነ? ታመመ?»

ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም። ያን ቀን ግን ተናገርኩ። «ሐጂ፣ ኩራት አይደለም፤ ብልህነትም አይደለም። ሰው ይፈራሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይፈራሉ።»

ሐጂ ጋሼ ታምራትን አዩ፣ እኔን አዩ። «እኛን?» አሉ። «እኛን ነው የሚፈራው?»

«እኛን።»

ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ላይ፣ ከጋሼ ታምራት አጠገብ ተቀመጡ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሐጂ ግን ሐጂ ናቸው፤ ለቅሶ ያለ ሰው ሲሆን አይወዱም። ወደ ድንኳኑ ዞረው በእጃቸው ጠሩ። «ለቅሶው ወደዚህ ይምጣ» አሉ። «እሱ ወደ እኛ መምጣት ካቃተው እኛ እንሂድ።»

አግዳሚው ተነሣ። አንድ በአንድ እየመጡ ከቡናው ሥር ተደረደሩ፤ የመቱው፣ የጎሬው፣ የቡሬው። ሴቶቹ ንፍሮውን ይዘው መጡ። ዝናቡ ያካፋል፤ ማንም ግድ አላለውም። እንዳያስፈሯቸው ብለው ሁሉም ዝም አሉ፤ ዝም ብለውም አተኩረው ያዩዋቸዋል፣ በፍቅር። አንድ ሽማግሌ ራቅ ብለው «አይዞህ፣ እኛ ነን» አሉ።

እኛ መሆናችን ነበር ችግሩ።

ከኋላቸው አጥሩ ነው፣ ከፊታቸው ሕዝቡ። ጋሼ ታምራት ቀስ ብለው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። በግራ አዩ፣ በቀኝ አዩ፣ አጥሩን አዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ተጠጋሁ። ለካ እየሳቁ ነው። እንባቸው ይወርዳል፣ ግን ይስቃሉ።

«ሐጂ» አሉ፣ ሁሉም በሰማው ድምፅ። በሕዝብ ፊት ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ወደ ድንኳኑ እንመለስ። እዚያ በር አለ።»

ተመለስን። ሐጂ ፍራሹን ከመሃል አስነሥተው ከድንኳኑ አፍ አጠገብ አደረጉላቸው፤ ደጁ የሚታይበት ቦታ። ጋሼ ታምራት እዚያ ተቀመጡ። አልተሻላቸውም። ላባቸው እየወረደ፣ ለገባው ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ፣ ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ተቀመጡ። ሸራውንም ከወጣቶቹ ጋር ያወረዱት ራሳቸው ናቸው።

ሐጂ ሲሰናበቱኝ «አየሽ ብልህነቱን? እኛ ያላሰብነውን በር አሰበ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ቸር ሰው ናቸው፤ ተውኳቸው።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጋሼ ታምራት ወደ አጥሩ መጡ።

«እናቴን ቀበርኳት» አሉ።

«ቀበሩ፣ ጋሼ። አልሸሹም።»

«ፍርሃቱ ግን አልሄደም። እንዲያውም ሳይብስ አልቀረም።»

«አውቃለሁ።»

«ዕድሜዬን ሁሉ ለምን ዝም ትላለህ ተብያለሁ» አሉ። «ፈርተህ ነው ወይ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። አንቺ ሐጂ ፊት ስትይው መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ትንፋሽ አገኘሁ። ከዚያ ነው ሳቁ የመጣብኝ።» ደህና እደሪ ብለው ገቡ፤ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ቤዛ ቦርሳዋን አዝላ በራፉ ላይ ቆማለች። አስተማሪዋ ያን ቀን ሰሌዳው ፊት እንደምታወጣት ነግራታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ደጁን ታያለች። ብልህ ልጅ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ፈርተሻል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ» አለች።

«በጣም?»

«በጣም።»

ነጠላዬን ደረብኩ። «ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

ጥቂት እንደሄድን መናገር ጀመረች። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ጠመኔው፣ እጇ ሲያልባት ስለሚስቅባት ልጅ፣ ጉሮሮዋ ላይ ስለሚቆመው ነገር፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። ለቅሶ ደራሽ ያህል ሰው በአጠገባችን ያልፋል፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ትምህርት ቤቱ እስክንደርስ አላቆመችም። ተመስገን ያልኩት በሆዴ ነው፤ እንዳላቋርጣት።